የመጨረሻዋ ወራጅ

ልጆቻችንን እንወዳለን። በዚህ ማንም አይከራከረን። ለነሱ ስንል አገር ለቀን ወጥተናል፤ ለነሱ ስንል የጁባ ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ሥር ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ላባችንን እንጠርጋለን፤ እኛ ያልለበስነውን እናለብሳቸዋለን፣ እኛ ያልተማርነውን እናስተምራቸዋለን። አንድ ነገር ብቻ ይከብደናል። ሲናገሩ መስማት።

ለዚህ ስንፍናችን ደግሞ መሸፈኛ አላጣንለትም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» እንላለን። ልብ በሉ፣ አንዱ ብስል መሆኑን በገዛ አፋችን አምነናል። ታዲያ ብስሉን ከጥሬው መለየት የሰሚው ድካም ስለሆነ፣ ለመድከምም ማንም ስለማይቸኩል፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ጠቅልለን እንጥላለን። ዝም የሚል ልጅ ካገኘን ደግሞ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው» እያልን ለወላጆቹ እንመሰክራለን። እኔም በዕድሜዬ ብዙ መስክሬአለሁ። አንዷ ምስክርነቴ ግን እስከ ዛሬ ፊቴን ታቀላዋለች። የማጫውታችሁ እሷን ነው።

ፈላስፋ እንዳልመስላችሁ፣ ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ የሞተር ሳይክል መለዋወጫ የምሸጥ ሰው ነኝ። እዚህ ከተማ ሰው እያፈናጠጠ የሚሮጠው ቦዳቦዳ ሁሉ ሰንሰለቱ ሲበጠስ ወይም ፍሬኑ ሲያልቅ እኔ ዘንድ ይመጣል። እኩዮቼ ታደለ ይሉኛል፤ ልጆቹ ጋሽ ታደለ። ልጆቹ የምላችሁ የክበባችንን ልጆች ነው። ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ይሰበሰባሉ። የነጋዴው፣ የሆቴል ቤቱ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጆች አሉ። ጋምቤላና አዲስ አበባ አድገው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ አገራቸው የተመለሱ የደቡብ ሱዳን ልጆችም አሉ፤ አማርኛውን ከኛዎቹ አሳምረው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። መረብ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቲያትር ይለማመዳሉ፣ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ። እኛ ወላጆች ደግሞ ኮሚቴ እንሠራለን።

አንድ ቀን ኛማል የምትባል ወጣት ሴት ወደ ኮሚቴው መጣች። የልጆችን ጉዳይ በሚከታተል ድርጅት ውስጥ የምትሠራ ኑዌር ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አዲስ አበባ ስላደገች አማርኛዋ የሰፈር ልጅ አማርኛ ነው። ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ሴፍጋርዲንግ ያስፈልገዋል፣ ለዚህም አንድ ተጠሪ ምረጡ አለች። ሊቀ መንበራችን አቶ ግርማ፣ ደህና ምግብ ቤት ያለውና ስብሰባ በሰዓቱ የሚጀምር ብቸኛው ኢትዮጵያዊ፣ «እኛ ዘበኛ አለን እኮ» አላት። ጋርድ የምትለዋን ብቻ ሰምቶ ነው። ኛማል አልሳቀችም። ነገሩ ልጆች በአዋቂ እጅ እንዳይጎዱ፣ ሲከፋቸውም የሚሰማቸው ሰው እንዲያገኙ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳች። ከዚያ ተጠሪ ተመረጠ። የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዕቃ ላወርድ ሄጄ ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ በኛ ደንብ ደግሞ ካልመጣ ሰው በላይ ለሹመት የሚበቃ የለም።

ሥልጠናውን የወሰድነው እኔና ሐጃ ዘይነባ ነን። ሐጃ በገበያው የዱቄትና የስኳር ጅምላ ነጋዴ ናት፤ ዋጋ ከተናገረች መልአክ ቢመጣ አታስቀንሳትም፤ ለልጆቹ ግን ልቧ ቅቤ ነው። ኛማል ሕጎቹን አስቆጠረችን። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ቤትም ሆነ በመኪና ብቻውን አይሆንም። ለልጅ የሚደወለው በወላጅ ስልክ ነው። ልጅ የከበደውን ነገር ሲነግርህ ትሰማለህ፣ አትቆጣም፣ አትመረምርም፣ በዚያው ቀን ለሚመለከተው ታሳውቃለህ። ቀላል ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ልምምድ አደረግን።

«ጋሼ» አለችኝ ኛማል፣ ድምፅዋን እንደ ልጅ አቅጥና፣ «አንድ ነገር ልነግርዎት ፈልጌ ነበር። ግን ለማንም እንዳይናገሩብኝ።»

«ከኔ ጋር ይቀበራል» አልኳት ደረቴን እየመታሁ።

ወረቀቷን አጠፈች። «ወደቁ፣ ጋሼ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ልጅቷ ሰው እየጎዳኝ ነው ልትልዎት ቢሆንስ? ነገሩ ከርስዎ ጋር ተቀበረ ማለት እኮ ነው።»

ሐጃ ዘይነባ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምሥጢር ጠባቂ ነህ እየተባልኩ ያደግኩ ሰው በምሥጢር መጠበቅ ወድቄ አየሁት።

ሕጎቹ ለኮሚቴው ሲቀርቡ ሁሉም አጨበጨበ። በሩ ክፍት ይሁን ሲባል ተስማማን፤ ስልኩም ይሁን አልን። መኪና የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ቤቱ ጸጥ አለ። ምክንያቱም ለክበባችን መኪና ያለው አንድ ሰው ነው፤ አቶ መኮንን ይባላል።

አቶ መኮንንን ላስተዋውቃችሁ። ውኃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች አሉት። መረቡን የገዛው እሱ ነው፤ ኳሶቹንም እሱ። ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሚኒባሱን ራሱ እየነዳ ልጆቹን በየቤታቸው ያደርሳል። ሲገባ እንነሳለታለን። ልጅ የታመመበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ የተቃጠለበት፣ ሬሳ አገር ቤት መላክ ያለበት ሁሉ በሩን ያንኳኳል፤ ደግሞ ባዶ እጁን የመለሰው ሰው የለም። ለእንዲህ ያለ ሰው «ከልጆቹ ጋር ሌላ አዋቂ አብሮህ ይሂድ» ተብሎ እንዴት ይነገራል?

«ሕጉ መኪናም ይላል» አለች ሐጃ።

«ይላል፣ ሐጃ» አለ አቶ ግርማ። «ግን ይሄንን ለአቶ መኮንን ማን ይነግረዋል?»

ሁላችንም ቀና ብለን ጣሪያውን አየን። ጣሪያው ላይ አንዲት እንሽላሊት ነበረች። እሷም ዝም አለች። ስለዚህ «መኪናን በሚመለከት ወደፊት ይታያል» ተብሎ ተጻፈና ፈረምን። ይሉኝታ የምንላት ነገር እንዲህ ናት። ማንንም አትሰድብም፣ ማንንም አትመታም፤ ሕጉ መሃል ገብታ አንዲት ትንሽ በር ትከፍትና ቁጭ ትላለች።

አሁን ሜሮንን እነግራችኋለሁ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ወርቄ ኮር ዊሊያም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፤ ልጇን ለብቻዋ ነው የምታሳድገው። ሜሮን ኳስ ስትለጋ ተቀባዮቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ነጥብ ስትቆጥርም በጩኸት ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ማን እየመራ እንደሆነ ከሷ ድምፅ አውቅ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ግን ድምፅዋ ጠፋ። ትመጣለች፣ ትለጋለች፣ ነጥቡን ሌላ ሰው ይቆጥራል። የዚያን ሰሞን ወርቄን ገበያ ውስጥ አገኘኋትና፣ የክበቡ የልጆች ደህንነት ተጠሪ የሆንኩት እኔ፣ እንዲህ አልኳት፤ «ልጅሽ እንዴት ያለች ጨዋ ሆነችልሽ መሰለሽ። ድምፅዋ እንኳ አይሰማም።» ወርቄ ደስ አላት። የምታሳፍረኝ ምስክርነቴ ይቺ ናት።

አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሜሮን እኔ የተቀመጥኩበት አግዳሚ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት ትፍቅ ነበር።

«ጋሽ ታደለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእግሬ መሄድ እችላለሁ?»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«በዚህ ጭቃ? ኮር ዊሊያም ድረስ? መኪና ተዘጋጅቶልሽ?» አልኳት። ቀጠልኩ ደግሞ፤ ዝም ብል ጥሩ ነበር። «አቶ መኮንን እኮ ሥራውን ጥሎ ነው የሚያደርሳችሁ። እንደ አባታችሁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ማመስገን ነው።»

ጭቃውን መፋቅ ተወች። «እሺ» አለችኝ።

አያችሁ፣ ልጅ እሺ ሲለን ደስ ይለናል። ነገሩ ያለቀ፣ እኛም ያሳመንን ይመስለናል። ሜሮን ተነስታ ወደ ሚኒባሱ ሄደች፤ እኔም ጥሩ ምክር የሰጠ ሰው እንደሚያደርገው እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቅዳሜ አልመጣችም። እናቷ ጋ ደወልኩ፤ «ፈተና አለብኝ ብላለች» አለችኝ። ጎበዝ አልኩ።

ሐሙስ ዕለት አቶ መኮንን ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። ከዚያ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያቺ ሜሮን ምን ሆና ነው?» አለኝ። «ስልኳንም ዘግታለች።»

«ፈተና ነው መሰለኝ» አልኩት። ሄደ።

የሞተር ፒስተን በእጄ ይዤ ነበር። አስቀመጥኩት። የምን ስልክ? ወላጆች የሞሉት የክበቡ የስም ዝርዝር እኔ ዘንድ ነው፤ ሜሮን ስልክ የላትም። ወርቄ «አሥረኛ ክፍል ሳትጨርስ አልገዛላትም» ብላ የራሷን ቁጥር ነው ያስመዘገበችው። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር መጣልኝ። መንገድ የማውቅ ሰው ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የቦዳቦዳ ነጂዎች ስለ አቋራጭ ሲጨቃጨቁ እሰማለሁ። ከኛ ግቢ ተነስቶ ቀረብ የሚለው ኮር ዊሊያም ነው። አቶ መኮንን ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ከተማው ዳር ጀበል ኩጁር ድረስ ወጥቶ፣ እዚያ ያሉትን ልጆች ሁሉ አውርዶ፣ ተመልሶ ነው ሜሮንን የሚያደርሳት። ነዳጅ በሚወደድበት ከተማ። ለወራት ዓይኔ እያየ ነው ይሄ የሆነው። የማንም ሞተር በዚያ መንገድ ቢዞር ሰነፍ ነጂ ብዬ እሰድበው ነበር።

በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ሐጃ መጋዘን ሄድኩ። ዱቄት ታስጭን ነበር። ስነግራት ጫኞቹን «ኸላስ፣ በቃ» ብላ አሰናበተችና ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«በእግሬ ልሂድ ብላህ ነበር?»

«ብላኛለች።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«አመስግኚ አልኳት።»

ሐጃ ስልኳን አወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ለኛማል ደወለች፤ ኛማል ሰውየውን እንዳናናግረው፣ ልጅቷንም በጥያቄ እንዳናጣድፋት፣ እናቷ ባለችበት ብቻ እንድናያት፣ እሷም ከሥራ እንደወጣች እንደምትደርስ ነገረችን። በሁለት ሞተር ተፈናጠጥንና ኮር ዊሊያም ሄድን።

የምሳ ሰዓቱ አልፎ ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። ወርቄ ገና ስታየን ደነገጠች፤ እኔና ሐጃ አብረን የምንታየው ለቅሶ ላይ ነው። ሜሮን ከጓዳ ወጣች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ውጪ ሰው ያልፋል። ምን ብዬ ልጀምር? መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«ሜሮን» አልኳት፣ «ባለፈው በእግሬ ልሂድ ስትይኝ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም። ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ልሰማሽ ነው የመጣሁት። ካልፈለግሽ አለመናገር ትችያለሽ።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለች።

«ነግረሽኛል» አልኩ።

«ለማንም አይናገሩም?»

በለመድኩት አፌ «ከኔ ጋር ይቀበራል» ልል ምንም አልቀረኝም። «እሱን ቃል ልገባልሽ አልችልም» አልኳት። «ግን ለማን እንደምናገር ቀድሜ እነግርሻለሁ። አንቺ ሳታውቂ የሚሆን ነገር የለም።»

ሐጃን አየች፣ እናቷን አየች። ከዚያ ቀስ እያለች ተናገረች። ስልኩን የሰጣት እሱ ነው፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ሌሎቹ ልጆች ይቀናሉ ብሏታል። ሲያደርሳት መንገዱን ያስረዝማል። ሚስቱ እንደማትረዳው፣ እሷ ግን እንደ ትልቅ ሰው እንደምትረዳው ያወራላታል። የፊተኛው ወንበር ላይ ካልተቀመጥሽ ይላታል። በትምህርት ሰዓት ሳይቀር መልእክት ይልካል፤ ካልመለሰች ይቆጣል። በመጨረሻው ጊዜ እጇን ይዞ አልለቅም ሲላት በሩን ከፍታ ጭቃው ላይ ወረደች። ስልኩን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ ቀብራዋለች።

ወርቄ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ ልጅ?»

«አንቺ ሁልጊዜ እሱን ትመርቂው ነበር» አለች ሜሮን። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እሱ ከሄደ መኪናው አይኖርም አይደል? የጀበል ኩጁር ልጆች በምን ይሄዳሉ? በኔ ምክንያት ክበቡ ሊዘጋ ነው።»

ይሄንን ሁሉ ወር ተሸክማ የዞረችው ጥያቄ ይሄ ነበር። እኛ ስድስት አዋቂዎች ኮሚቴ ሠርተን መወሰን ያቃተንን፣ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ወስናው ነበር። እሷ ዝም ትላለች፣ ክበቡ ይቀጥላል።

«የመኪናው ጉዳይ የኛ ራስ ምታት ነው» አለቻት ሐጃ። «ያንቺ አይደለም። ወላሂ አይደለም።»

አመሻሹ ላይ ኛማል ደረሰች፣ ሜሮንን ሰማች፤ ለሜሮን ቃል እንደገባሁላትም እያንዳንዱ እርምጃ ምን እንደሆነ ለእናትና ለልጅ ካስረዳች በኋላ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አሳወቀች። በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮሚቴያችንን ታውቁታላችሁ፤ የራሳችሁን ኮሚቴ አስቡት።

አቶ ግርማ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። በእውነት ማኅበሩ እንዳይፈርስ የሚጨነቅ ሰው ነው። «ይሄ ነገር በባዕድ አገር ከወጣ ሁላችንም ተዋረድን» አለ። «ሽማግሌ እንላክ። አቶ መኮንን ይቅርታ ይበል፤ ልጅቷም ትሳመው፤ በግ ይታረድና ይለቅ።»

ሁለት ሰዎች ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። እውነቱን ልናገር፣ የኔም አንገት ትንሽ ሊነቃነቅ ቃጥቶት ነበር። ሽምግልና በደማችን ነው፤ ዕርቅ የሚለውን ቃል ስንሰማ ጭንቅላታችን በራሱ ጊዜ ይነቃነቃል።

ሐጃ ዘይነባ መነጽሯን አወለቀች። «በማንና በማን መሃል ነው የምታስታርቁት?» አለች። «የሃምሳ ዓመት ሰውና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ተጣልተዋል እንዴ? የድንበር ነገር ነው? የጉልት ነው?»

«ሐጃ፣ ሰውየው ስንት ውለታ...»

«ግርማ፣ ያንተ ልጅ የት ነው የምትወርደው?»

«ጀበል ኩጁር።»

«ቀድማ ትወርዳለች» አለች ሐጃ። «ለዚህ ነው በግ ያማረህ።»

ከዚያ በኋላ ስለ በግ ያነሳ ሰው አልነበረም። አቶ ግርማ ወንበሩን ገፋ። ሲነሳ «ደብዳቤውን ጻፉ፤ እኔ እወስድለታለሁ» አለ። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ጉዳዩ በሚመለከተው ክፍል እስኪጣራ ድረስ ወደ ክበቡም ወደ ልጆቹም እንዳይቀርብ የሚል ነው። ግርማ ራሱ ሄዶ እንደሰጠው፣ አቶ መኮንንም ሳያነብ «ከማን ጋር እንደምትጫወቱ አታውቁም» እንዳለው ኋላ ነግሮኛል። ሚኒባሱ ቀረ። መረቡንም ሰው ልኮ አስፈታው። ልጆቹ በሁለት እንጨት መሃል የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥረው ተጫወቱ፤ ኳሱ ከላይ ይለፍ ከታች ለመወሰን የሚነሳው ክርክር ራሱ ሌላ ጨዋታ ሆነ።

ከተማው ዝም አላለም። «የሰው ስም አጠፉ» አሉን። «ልጅቷ ምን ለብሳ ነበር» ያለም ነበር፤ ሐጃ ለዚያ ሰው እስከ ዛሬ ስኳር አልሸጠችለትም። ለእኔ ሰላምታ የሚነፍጉ ሰዎች በዙ፤ ለቅሶ ቤት ስገባ ወንበሩ ሁሉ የተያዘ ይሆናል። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንዲት እናት ወደ ሐጃ መጋዘን መጥታ፣ ጫኞቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ «የኔንም ልጅ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጣት» አለች። አምና አገር ቤት የላከቻት ልጇ ለምን በድንገት መሄድ እንደፈለገች የገባት አሁን ነው። ከሷ በኋላ ሌላ እናት መጣች። ኛማል ሁለቱንም ሰማች። አቶ መኮንን ቦቴዎቹን ለሰው አስረክቦ ከተማውን ለቀቀ፤ እኛ ተገላገልን ብለን ስንተነፍስ ኛማል አልተነፈሰችም። «የሄደበትም ከተማ ልጆች አሉ» ብላ ፋይሉ ተከትሎት እንዲሄድ ስትሯሯጥ ከረመች። አሁንም አላለቀም። እንዲህ ያለ ነገር እንደ ተረት «አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ አያልቅም።

ሜሮን አንድ ወር ተኩል ቆይታ ተመለሰች። ኛማል ያገናኘቻት አንዲት አማካሪ ነበረች፤ በየሳምንቱ ታያት ነበር። ወርቄ ከልጇ ጋር መጥታ በመጀመሪያው ቀን ግቢው ውስጥ እስከ መጨረሻው ቆየች። ልጆቹን እንዴት እንደምናደርሳቸው ደግሞ ተስማምተናል። የጀበል ኩጁሮቹን ሁለት ወላጆች በተራ በራክሻ፣ በዚያች በባለ ሦስት እግሯ፣ ተከፋፍለው ይወስዷቸዋል። የኮር ዊሊያሞቹን እኔና ሐጃ፣ ወይም እኔና ግርማ፣ በእግር እንወስዳለን። አቶ ግርማ በሕይወቱ እንዲህ ተራምዶ አያውቅም፤ ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ ገብቷል።

በመንገድ ላይ መጫወት እወዳለሁ። ጭቃውን እየዘለልን ልጆቹን አስቃቸዋለሁ። ከመካከላቸው በጣም ረጅም የሆነች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለች፤ ጋምቤላ ያደገች አኙዋክ ናት። «ቀጭኔ፣ ከላይ ሆነሽ እስኪ መንገዱን እይልን፣ ዝናብ እየመጣ ነው?» እላታለሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች። ክበቡ ውስጥ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀጭኔ ናት።

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን በዕረፍት ሰዓት ወደ አግዳሚው መጣች። እንደ በፊቱ ጫፉ ላይ አልተቀመጠችም፤ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ጋሽ ታደለ፣ አቤቱታ አለኝ። የሚጽፉት እርስዎ ነዎት አይደል?»

ደብተሬን አወጣሁ። «በማን ላይ ነው?»

«በርስዎ።»

ቀና ብዬ አየኋት። አልሳቀችም።

«ልጅቷ ቀጭኔ ሲሏት አትወድም። ትስቃለች እንጂ አትወድም። ቤት ስትገባ ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ትምህርት ቤትም ጎንበስ ብላ ነው የምትቀመጠው። እናቷ ጀርባሽን ያምሻል ወይ ብላ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። ለርስዎ መንገር ፈርታ ለኔ ነገረችኝ።»

«በፍቅር እኮ ነው የምላት» አልኩ። «ለጨዋታ ነው። ማንም ልጅ...» እያልኩ ስቀጥል ሜሮን ምንም ሳትናገር ጠበቀችኝ። ትዕግሥቷ የኛማልን ይመስል ነበር። አፌን ዘጋሁ። ይሄን ሁሉ ሥልጠና የወሰደ ሰው፣ ለሌላው ሰው ጥፋት ኮር ዊሊያም ድረስ በሞተር የሮጠ ሰው፣ የራሱ ስትመጣ ጠበቃ ለመሆን አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

ጻፍኩት። በራሴ ጽሕፈት፣ ሜሮን እንዳለችው፣ ምንም ሳልጨምር፣ በከሳሽ ቦታ የሷን ስም፣ በተከሳሽ ቦታ የኔን ስም አድርጌ ጻፍኩ። ሐጃ ዘይነባ ይሄን ስታነብ የምትስቀውን ሳቅ ካሁኑ ሰማሁት።

«የተበዳይ ስም?» አልኩ።

«አሪየት» አለች ሜሮን።

ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። እንዴት እንደሚጻፍ መጠየቅ ነበረብኝ።